ውሃ ካልዞረ አይተኩስም፦ የትንሽ ሌዘር መቁረጫ ቲዩብ ጎንደር ላይ እንዴት ይቆያል

ኬ40 የሚባለውን ትንሽ ሌዘር መቁረጫ ያስመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሶፍትዌሩ፣ ቀጥሎ ስለ መስታወቶቹ አቀማመጥ ነው። ሌዘሩ የሚፈጠርበትን የብርጭቆ ቲዩብ የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። አብሮ የመጣውን ፓምፕ ባልዲ ውስጥ ይጥላል፣ ጎማዎቹን ይሰካል፣ ሥራ ይጀምራል። እኔም እንዲሁ ነበር ያደረግሁት፤ ዋጋውም አንድ ቲዩብ ሆነ። ቲዩብ እንደ አምፖል ከሰፈር ሱቅ አይገዛም። ከውጭ ይታዘዛል፣ ብርጭቆ ስለሆነ መንገድ ላይ ሊሰበር ይችላል፣ እስኪደርስም ሥራ ቆሞ ይጠበቃል። ጎንደር ላይ ደግሞ ሥራ የሚበዛው ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። የፋሲል ግንብ ቅርጽ ያለው የቁልፍ መያዣው፣ መስቀሉ፣ የጥር ሠርግ ጥሪ ካርዱ ሁሉ የሚታዘዘው ያኔ ነው። ቲዩብ ታኅሣሥ ላይ ከሞተ የዓመቱ ገቢ አብሮት ሄደ ማለት ነው።

መጀመሪያ የምታቀዘቅዙት ነገር ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። ቲዩቡ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ብርጭቆ ነው። አንዱ ብርጭቆ በሌላው ውስጥ ገብቶ ሦስት ድርብ ሆኗል። በመሀለኛው ቀጭን ቧንቧ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅንና ሂሊየም የተቀላቀሉበት ጋዝ አለ፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚህ ነው። በዙሪያው ውሃው ይዞራል። ከውሃው ውጭ ያለው ሦስተኛው ክፍል የጋዙ መጠባበቂያ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ በተሸከመው ጋዝና በእናንተ ውሃ መካከል ያለው ስስ ብርጭቆ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ማሽኑ ላይ 40 ዋት ተብሎ ቢጻፍም በተግባር የሚያወጣው ብርሃን ከ30 እስከ 35 ዋት ቢሆን ነው። በ15 ሚሊ አምፔር ስትቆርጡ ወደ 15,000 ቮልት ገደማ ስለሚሠራ ቲዩቡ የሚበላው 225 ዋት አካባቢ ይሆናል። ከዚህ ብርሃን ሆኖ የሚወጣው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል። ባልዲው ውስጥ የተነከረው ፓምፕ ራሱ 20 ወይም 25 ዋት ይጨምራል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለጥንቃቄ 250 ዋት ብላችሁ ያዙት። ባልዲው ውስጥ ትንሽ የውሃ ማፍያ ተሰክቶ እንደተረሳ አስቡት።

ታዲያ ውሃው ቢሞቅስ? ጋዙ ሲሞቅ ሌዘሩ እየደከመ ይሄዳል። ጠዋት በአንድ ዙር የተቆረጠው ባለ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ከሰዓት በኋላ ከጀርባው ተጣብቆ ይቀራል። ሰውም ሌንሱን ያጸዳል፣ መስታወቶቹን ያስተካክላል፣ በመጨረሻ አምፔሩን ይጨምራል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። አምፔር ሲጨመር ሙቀት ይጨመራል፣ ሙቀት ሲጨመር ኃይል ይወርዳል፣ ቲዩቡም በማይታይ ፍጥነት ያረጃል። ውሃውን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አቆዩት፤ 25 ከደረሰ ሥራ አቁሙ። የእናንተ ማሽን መቶኛ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ከ0 እስከ 30 ሚሊ አምፔር የሚያነብ ባለ ቀስት መለኪያ ከቲዩቡ በሚመለሰው፣ በኧርዝ በኩል ባለው ገመድ ላይ አስገቡ፤ ከ15 አትለፉ። «50 በመቶ» የሚለው ቁጥር ስንት አምፔር እንደሆነ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ወራት ስህተቶች ልመለስ። አንደኛው ነጭ ባልዲና የቧንቧ ውሃ ነበር። ባልዲው መስኮት ሥር ተቀምጦ ስለነበር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ። አልጌው በጣት ሲነካ የሚያሟልጭ ነው፤ እየተላቀቀ የፓምፑን ማጣሪያ ይደፍናል፣ ቲዩቡ ውስጥም ገብቶ ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ብርሃን የማያስገባ ክዳን ያለው ጄሪካን። ቢጫው የዘይት ጄሪካን ብርሃን ያሳልፋልና በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሉት፤ ከውስጡም ዘይቱ በሳሙና ተደጋግሞ ታጥቦ እስኪጠፋ ድረስ አትጠቀሙበት። ለ20 ሊትር ሽቶ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከዚያ በላይ ጨው መጨመር ነው፤ ጨው ደግሞ ቀጥሎ የምነግራችሁ ጠላት ነው።

የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፤ ማዕድን ያለው ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በብርጭቆው ማዶ 15,000 ቮልት ስላለ የሚያሳልፍ ውሃ ከዚያ ኃይል የተወሰነውን ይስባል፤ ቲዩቡ ውስጥ ብልጭታው ይንቀጠቀጣል፣ አቆራረጡ ይዘበራረቃል። ቲዩቡ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለው ደግሞ ኤሌክትሪኩ በውሃው አድርጎ ባልዲው ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ሌዘሩ እየተኮሰ እጃችሁን ውሃው ውስጥ አትክተቱ፤ ሙቀቱን ለማወቅም ቢሆን። የማይዝግ ብረት ብሎን ገመድ አስራችሁ ውሃው ውስጥ ስቀሉት፣ ሌላውን ጫፍ ከማሽኑ ጀርባ ካለው የኧርዝ ብሎን ጋር አገናኙት። ብዙ የጎንደር ቤት ሶኬት የኧርዝ ቀዳዳው ባዶውን ነው፤ ከጀርባው ገመድ የለውም። መሬት ውስጥ ዘንግ ተተክሎ ከማሽኑ ጋር ሳይያያዝ ሥራ መጀመር የለበትም። ይህን ለባለሙያ ኤሌክትሪሺያን ስጡት።

የሚያስፈልገው ማዕድኑ የወጣለት፣ ዲስቲልድ የሚባለው ውሃ ነው። ጎንደር ላይ የሚገኘው በመኪና መለዋወጫ ሱቆችና ነዳጅ ማደያዎች «የባትሪ ውሃ» እየተባለ ነው። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ በተመሳሳይ ጄሪካን የባትሪ አሲድም ይሸጣል። «የባትሪ» ብቻ ብላችሁ ካዘዛችሁ ልጁ የትኛውን እንደሚያነሳ አታውቁም። ጽሑፉን አንብቡ፤ ጽሑፍ ከሌለው አትግዙ፣ በአፍንጫም በምላስም አትሞክሩ። የታሸገ የመጠጥ ውሃ አይተካውም፤ ማዕድኑ ስለ ጣዕሙ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ማፍላትም አያጠራውም። እንፋሎቱ ሲበተን ማዕድኑ ድስቱ ውስጥ ይቀራልና እንዲያውም ይወፍራል። እንፋሎቱን ይዞ ማቀዝቀዝ ሌላ ነገር ነው፤ አረቄ የሚያወጡ እናቶቻችን ያንን ጥበብ ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ግን የአረቄውን ዕቃ ተዉላቸው። በክረምት የዝናብ ውሃ ጥሩ አማራጭ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ሳይሆን በንጹሕ የተዘረጋ ፕላስቲክ ላይ በቀጥታ የወረደውን፣ ያውም የመጀመሪያው ዶፍ አየሩን ካጠበ በኋላ ያለውን ውሰዱ።

ይህን ሁሉ በግምት መሥራት አያስፈልግም። የብዕር ያህል የሆነች፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን የምትለካ ቲዲኤስ ሜትር አለች። ዲስቲልድ ውሃ ከ0 እስከ 10 ያነባል፤ የቧንቧ ውሃ በመቶዎች ቢያነብ አይገርምም። እኔ 30 ሲያልፍ እቀይራለሁ። ምንም ባያልፍም በየሦስት ወሩ ይቀየራል። ፀረ ቅዝቃዜ የመኪና ፈሳሽ የሚጨምሩ አሉ፤ ጎንደር ላይ ክፍል ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ አይሆንምና አያስፈልግም፤ ፈሳሹም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ሁለተኛው የመጀመሪያ ወር ስህተት አረፋ ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ቲዩቡን በስልክ መብራት ከጎን እዩት። ውሃው ሞልቶ ከሆነ ብርጭቆው ባዶ ይመስላል፣ ምንም አይታይም። አየር ካለ ግን ከላይኛው ጎን የብር ቀለም ያላት፣ ጥፍር የምታህል ጠፍጣፋ ነገር ተኝታ ታያላችሁ፤ ፓምፑ ሲሠራ ትንቀጠቀጣለች፣ ከቦታዋ ግን አትሄድም። ከእሷ ሥር ያለው ብርጭቆ ውሃ አይነካውም። ሌላው ቦታ 20 ዲግሪ ሆኖ ያ ጥፍር የሚያህል ቦታ ብቻ ይግላል፤ ብርጭቆ ደግሞ ሙቀቱን አይፈራም፣ የሙቀት ልዩነት ነው የሚሰነጥቀው። ለማውጣት፣ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ፓምፑ ብቻ እየሠራ፣ ውሃው የሚወጣበትን ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። የመመለሻውን ጎማ ለሁለት ሰከንድ ቆንጥጣችሁ ልቀቁ፤ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙ። አረፋዋ እየተፈናቀለች ትወጣለች።

በየቀኑ የምትመለስ ከሆነ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የውሃ መውጫው ጡት ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ዞሯል፤ የቲዩቡን ማሰሪያዎች ላላ አድርጋችሁ መውጫው ወደ ላይ እንዲያይ አዙሩት፣ ከዚያ መስታወቱን እንደገና ማስተካከል ይኖርባችኋል። ወይ ደግሞ የመመለሻው ጎማ ጫፍ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሏል። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወደ ታች ይመለስና ቲዩቡ አየር ይጠጣል። ጫፉን ውሃው ውስጥ ንከሩት፤ ማታ ሲጠፋም ቲዩቡ ሞልቶ ያድራል። ጎማውን ጡቱ ላይ ስታስሩ የመኪና ብረት ማሰሪያ አትጠቀሙ፤ ጡቱ ብርጭቆ ነው፣ በካቻቢቴ አንድ ዙር ሲጨመርበት ይሰበራል። ለስላሳ የሲሊኮን ጎማና ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በእጅ ብቻ ሳብ ማድረግ በቂ ነው።

የፓምፑን ፍሰት በማየት አትገምቱ። የመመለሻውን ጎማ አንድ ሊትር ምልክት ወዳለበት ዕቃ አድርጋችሁ በስልካችሁ ቁጠሩ። 30 ሰከንድ ከሆነ በደቂቃ 2 ሊትር ነው፤ በዚህ ፍሰት ውሃው ቲዩቡን አልፎ ሲወጣ የሚጨምረው 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ ግን በደቂቃ ግማሽ ሊትር ብቻ ነው፤ በአንዱ ጫፍና በሌላው መካከል 7 ዲግሪ ልዩነት ይፈጠራል፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ቴርሞሜትርም ይህን አያሳያችሁም። እኔ ከ40 ሰከንድ ሲበልጥ ማጣሪያውን አጥባለሁ። መብራት ሲደክም ደግሞ ትንንሾቹ ፓምፖች እያጉረመረሙ ሳይዞሩ ይቀራሉ። ድምፁ አለ፣ ውሃው የለም። ጄሪካኑን ከማሽኑ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ግን ከአንድ ሜትር ሳይበልጥ አስቀምጡት፤ ዝቅ ማለቱ ጎማ ቢያፈስ ውሃው ወደ ኤሌክትሪኩ እንዳይሄድ ነው፣ ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ግን ፓምፑ መግፋት ያቅተዋል።

ከዚህ በኋላ መጋቢት መጣ። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 28 ዲግሪ ሲደርስ 20 ሊትር ውሃ ምን ያህል ይቆያል? ሒሳቡ ቀላል ነው። 20 ሊትር ውሃ በ250 ዋት አንድ ዲግሪ ለመጨመር አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ሳይቋረጥ ለአንድ ሰዓት ከተኮሰ 10 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ በ18 የጀመረ 28 ይደርሳል። ሥራው ግማሹን ጊዜ ብቻ የሚተኩስ ከሆነ 5 ዲግሪ ነው። አምስት ሊትር ባልዲ ያለው ሰው ይህን በአራት አካፍሎ ይቁጠር፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚሠራ ነገር መጀመር የለበትም።

ውሃ ማቀዝቀዝን በተመለከተ እኛ ጎንደሮች ዕድለኞች ነን። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱም ይበርዳል። እንስራ ውሃን ለምን እንደሚያቀዘቅዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። እንስራውን ራሱን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ፤ ሸክላው ማዕድን ይለቅቃል፣ ውዱን ዲስቲልድ ውሃም ያስተንነዋል። ጄሪካኑን ግን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ፣ የጆንያውን ግርጌ የቧንቧ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡትና ነፋስ በሚገባበት መስኮት ሥር አሳድሩት። የሚተነው የሳፋው ውሃ ነው፣ ውስጡ ያለው አይነካም። በማለዳ 16 ወይም 17 ዲግሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከባድ ሥራ ጠዋት ይሠራ፤ ከሰዓት ለዲዛይንና ለማጣበቅ ይዋል። ይህን ልማድ ማድረግ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

በረዶም ይሠራል፣ በልክ ከሆነ። በአንድ ሊትር ጠርሙስ የቀዘቀዘ ውሃ 25 ዲግሪ የሆነውን 20 ሊትር ወደ 20 ያወርደዋል። ጠርሙሱ ተዘግቶ ይግባ፣ በረዶው ፈትቶ አይጨመር። ከፓምፑ አጠገብ ሳይሆን የመመለሻው ጎማ በሚፈስበት ጎን አስቀምጡት፤ ያለዚያ ፓምፑ በረዷማውን ውሃ እየሳበ በቀጥታ ወደ ጋለው ብርጭቆ ይልከዋል።

ቲዩቡ የተሰነጠቀው ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ውሃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ነው። መብራት ጠፋ፤ ትእዛዝ ስለነበር ጀነሬተር ተነሳ፤ የማሽኑ ገመድ ወደ ጀነሬተሩ ተዛወረ። ፓምፑ ግድግዳው ሶኬት ላይ ቀረ። ጀነሬተሩ ስለሚጮህ የፓምፑ ዝምታ አልተሰማም። ኮምፔርሳቶው መቆረጥ ሲያቅተው ነው ወደ ባልዲው የታየው። እስከዚህ ድረስ ቲዩቡ ምናልባት ይተርፍ ነበር። የገደለው ቀጥሎ የመጣው ድንጋጤ ነው፤ ፓምፑ ተነቅሎ ጀነሬተሩ ላይ ተሰካና 17 ዲግሪ የሆነው ውሃ በጋለው ብርጭቆ ላይ ወረደ። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ስኳር ጥርስ ሥር ሲሰበር ያህል። ከመውጫው ጫፍ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየ፣ ጤነኛው ሮዝና ሐምራዊ ብርሃንም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። ፓምፕ ቆሞ ሌዘር ሲተኩስ ካገኛችሁት ሌዘሩን አጥፉ፣ ፓምፑን ግን አትንኩት። ክዳኑን ክፈቱና ቲዩቡ በራሱ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪወርድ አንድ ሰዓት ተዉት። ከዚያ ውሃውን ልቀቁ። ሁለተኛው፣ ማሽኑና ፓምፑ በአንድ ዲቫይደር ላይ ይሁኑ፣ ወደ ጀነሬተር የሚዛወረውም የዲቫይደሩ ገመድ ብቻ ይሁን። ፓምፑን ለብቻው ፍሪጅ ጋርድ ወይም ስታቢላይዘር ላይ የሚሰኩ አሉ፤ መብራት ሲመጣ እነዚህ ዕቃዎች ለደቂቃዎች ዘግይተው ነው የሚለቁት፣ ማሽኑ ግን ወዲያው ይነሳል። ለፍሪጅ ደግ የሆነው ለሌዘር ክፉ ነው።

ዲቫይደሩም ቢሆን ፓምፑ ሲቃጠል ወይም ጎማ ሲታጠፍ አያድናችሁም። ሰው ይረሳል፣ ስልክ ያነሳል፣ ቡና ይጠራል። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ ውሃ ከሌለ እምቢ ይበል። ለዚህ የሚያስፈልገው የፍሰት ስዊች ነው፤ ውሃ ሲገፋው ሁለት ገመዶችን የሚያገናኝ፣ ሲቆም የሚለያይ። ከቲዩቡ በፊት ሳይሆን በመመለሻው ጎማ ላይ ግጠሙት። ከቲዩቡ በፊት ከሆነ ጎማ ማሽኑ ውስጥ ወልቆ ውሃው ወለሉ ላይ ሲፈስም «ውሃ አለ» ይላል። ላዩ ላይ ያለው ቀስት የፍሰቱን አቅጣጫ ያሳያል፤ ተገልብጦ ከተገጠመ አይሠራም። በምትለኩት ፍሰት ገመዶቹን ማገናኘት መቻሉንም ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ለትልቅ ቧንቧ የተሠራው ዓይነት በደቂቃ 2 ሊትር አይነቃም።

ገመዶቹ የሚገቡት ለቲዩቡ ከፍተኛውን ቮልቴጅ በሚሰጠው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ «ፒ» እና «ጂ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ያሉበት ቦታ አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሌዘሩ ይፈቀድለታል፣ ሲለያዩ ይከለከላል። ከፋብሪካው ሲመጣ ወይ በአጭር ገመድ ተገናኝተዋል ወይ በክዳኑ ስዊች በኩል ያልፋሉ። የእናንተን ሰፕላይ ጽሑፍ አንብቡ፤ አቀማመጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። የፍሰት ስዊቹ ከክዳኑ ስዊች ጋር በተከታታይ ይገባል፣ ከሁለቱ አንዱ መስመሩን ከለያየ ተኩስ የለም። በዚሁ መስመር ላይ ደብልዩ 1209 የምትባለውን ባለ 12 ቮልት የሙቀት መቆጣጠሪያ መጨመር ይቻላል። በማሞቂያ ሞድ ላይ አድርጓትና 24 ዲግሪ ስጧት፤ ውሃው ከዚያ በታች ሲሆን ውስጧ ያለው ማገናኛ (ሪሌ) ገመዶቹን ያገናኛል፣ ሲደርስ ይለያያል። በማሞቂያ ሞድ የምትሆነው ማሞቂያ ስላለን አይደለም፤ መቆጣጠሪያዋ ራሷ መብራት ብታጣ ሪሌው ገመዶቹን ለያይቶ ሌዘሩ እንዲከለከል ነው። ፓወር ሰፕላዩን ከመንካታችሁ በፊት ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ወደ ቲዩቡ የሚሄደውን ወፍራም ቀይ ገመድ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት።

አዲሱ ቲዩብ ሲመጣ ሥራው አድጎ ስለነበር 20 ሊትር አልበቃ አለ። 60 ሊትር ዲስቲልድ መግዛት ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። መፍትሔው ንጹሑን ውሃ ከብዙው ውሃ መለየት ነው። 10 ሊትር ዲስቲልድ በትንሽ ጄሪካን፤ ከቲዩቡ ሲመለስ በጠመዝማዛ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ቱቦው 60 ሊትር የቧንቧ ውሃ በያዘ በርሜል ውስጥ ተነክሯል። ቱቦውን ፍሪጅ የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ታገኛላችሁ፤ ውጩ 10 ሚሊ ሜትር የሆነውን 8 ሜትር ያህል ውሰዱ። ቀጭኑን ርካሽ ነው ብላችሁ ከወሰዳችሁ ፓምፑ ይታነቃል። በዚህ ልክ በበርሜሉና በንጹሑ ውሃ መካከል የሚኖረው ልዩነት 3 ወይም 4 ዲግሪ ነው፤ በርሜሉም በተከታታይ ተኩስ አንድ ዲግሪ ለመጨመር ሩብ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የበርሜሉ ውሃ ለዕቃ ማጠቢያም ይሆናል። መዳብ ካለ በረኪናውን ተዉት፤ መዳቡ አልጌን ራሱ ያዳክመዋል፣ በረኪናው ግን መዳቡን ይበላዋል።

«ቺለር (የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን) ልግዛ ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ሲደብልዩ 3000 ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ውስጡ ራዲያተርና ፋን ብቻ ነው፤ ኮምፕረሰር የለውም። ውሃውን ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊያወርደው አይችልም። የተጻፈለት አቅም በአንድ ዲግሪ ልዩነት 50 ዋት ስለሆነ ለእኛ 250 ዋት ከክፍሉ 5 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ክፍሉ 28 ከሆነ ውሃው 33 ነው። እኛ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋኑ የሚወስደው ሙቀት ከተጻፈውም ያንሳል። ለኬ40 በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ በርሜል ይበልጠዋል፤ ይህን ስል እየቀለድሁ አይደለም። 5000 እና 5200 የሚባሉት ኮምፕረሰር ያላቸው ናቸው፣ በትክክል ያቀዘቅዛሉ፣ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተሩ እነሱንም መሸከም አለበት።

ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ዓለም ነው። የበጋው ብልሃት ሁሉ ይገለበጣል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 85 በመቶ ከሆነ ከ17 ዲግሪ በታች የሆነ ነገር ሁሉ ያልበዋል፤ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ። ቲዩቡ ላይ ላብ ከወጣ የመውጫውን መስታወት ያደበዝዛል፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጁ በእርጥቡ ብርጭቆ ላይ እየዘለለ ወደ ማሽኑ ብረት ይሄዳል። ጣ ጣ የሚል ድምፅና የሚቆጠቁጥ ሽታ ይኖረዋል። በእኛ ከፍታ ብልጭታ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ርቆ ይዘልላል፣ ምክንያቱ ያው የሳሳው አየር ነው። ስለዚህ በክረምት በረዶ አይገባም። ለመፈተን ከጄሪካኑ ውሃ አንድ ብርጭቆ ቀድታችሁ ማሽኑ አጠገብ ለአምስት ደቂቃ አስቀምጡ። ብርጭቆው ከውጭ ካላበ ቲዩቡም ያልበዋል፤ ውሃው ትንሽ እስኪሞቅ ጠብቁ። ያም ቢሆን በክረምት ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃው 20 ዲግሪ ላይ ያለ ድካም ይቆያል።

የዕለቱ ሥርዓት አጭር ነው። ፓምፑ ይነሳል፣ ቲዩቡ በስልክ መብራት ይታያል፣ አንድ ሊትር በሰከንድ ይቆጠራል። ከዚያ ማንም የማያደርገው፣ እኔ ግን ሳላደርግ የማልጀምረው ነገር አለ። የመመለሻውን ጎማ በፒንሳ ቆንጥጬ የሙከራ ተኩሱን ቁልፍ እጫናለሁ። አምፔሩ ከዜሮ ከተነሳ ስዊቹ ተጣብቋል ማለት ነውና ሥራ የለም። ካልተነሳ ጎማውን እለቃለሁ፣ ደግሜ እጫናለሁ፣ ኮምፔርሳቶው ላይ ነጥብ ይወጣል። ሥራ ሲያልቅ ፓምፑ አሥር ደቂቃ ብቻውን ይዞራል። ለበዓል ከሳምንት በላይ የምትሄዱ ከሆነ ውሃውን አፍስሳችሁ ሂዱ።

በማሽኑ ጎን አንድ ደብተር ተሰቅሏል፤ ቀን፣ ሰከንድ፣ ዲግሪ፣ ቲዲኤስ ይጻፍበታል። ለውጥ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ዓይን አይይዘውም፣ ወረቀት ግን ይይዘዋል። ባለፈው ወር ሰከንዱ 27፣ 29፣ 33፣ 38 እያለ ሲሄድ የታወቀው የጎማው ውስጥ መታጠፍ ነበር፤ ጎማው ተቀየረ። ዛሬ ጠዋት 28 ሰከንድ፣ 17 ዲግሪ፣ 6 ይላል።